2021 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ማካፈሉን የት ላይ ነው የምናቆመው?

ሽንብጥ06፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ልጆችን በማጠናከሪያ ለሚያስተምር ሰው የሚሆን መልስ ፈልጌ ነው። የዚህ ሳምንት ርዕስ አካፋይ፣ ብዜትና ፕራይም ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር) ነው። እስከ 100 ባለው ላይ ልጆቹ ችግር የለባቸውም፤ ከዚያ ሲያልፍ ነው የሚበተኑት። ዓመተ ምሕረቶችን ደርድሬ "የትኛው ፕራይም ነው?" ስላቸው 2017ንም 2021ንም ፕራይም ነው ይላሉ። ብዙዎቹ በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ሞክረው እርሳስ ያስቀምጣሉ። ጎበዝ የሚባሉት እስከ 31 ይዘልቃሉ። አንዷ ደግሞ የቁጥሩ ግማሽ እስኪደርስ፣ እስከ 1010 ድረስ መሞከር አለብኝ ባይ ናት።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ መቆሚያው የት ነው፣ ምክንያቱስ ለ12 ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል? ሁለተኛ፣ ለ7፣ ለ13፣ ለ17 እንደ 3ቱ የአሃዝ ድምር ያለ አቋራጭ አለ? ሦስተኛ ይህቺ ጥያቄ፦ ሦስት ጀልባዎች ከባሕር ዳር ወደብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አብረው ይነሳሉ። አንደኛው ደርሶ ለመመለስ 40 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 60 ደቂቃ፣ ሦስተኛው 90 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሳያርፉ ቢመላለሱ ወደቡ ላይ ሦስቱም መልሰው የሚገናኙት መቼ ነው? እጄ ላይ ያለው ማስታወሻ መልሱን 21,600 ደቂቃ ይለዋል። 15 ቀን መሆኑ ነው! የሳተ ነገር እንዳለ ይታወቀኛል፤ የት ላይ እንደሳተ ግን ለልጆቹ በሚገባ መንገድ ማሳየት አልቻልኩም።

ዓባይማዶ፦

መምህር፣ መቆሚያው የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። የ2021 ስኩዌር ሩት 44.95 ገደማ ስለሆነ ከ44 በላይ መሞከር ትርፍ ድካም ነው። ከ44 በታች ካሉትም የሚሞከሩት ፕራይሞቹ ብቻ ናቸው፤ በ2 አልካፈል ያለ በ4 አይካፈልም፣ በ3 እምቢ ያለ በ9ም በ15ም እምቢ ነው። ሥራው በሙሉ 14 ማካፈል ብቻ ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43።

ምክንያቱን በጥንድ ያሳዩአቸው። አካፋይ ብቻውን አይመጣም፤ ጓደኛውን ይዞ ነው የሚመጣው። የ60ን አካፋዮች ሰሌዳ ላይ በሁለት ዓምድ ይጻፉ፦ 1 ከ60፣ 2 ከ30፣ 3 ከ20፣ 4 ከ15፣ 5 ከ12፣ 6 ከ10። የግራው እየጨመረ የቀኙ እየቀነሰ ይጠጋጋሉ፤ 7.7 አካባቢ (የ60 ስኩዌር ሩት) ይተላለፋሉ። ከዚያ ወዲያ 10ን፣ 12ን፣ 15ን መሞከር ያንኑ ጥንድ ገልብጦ ማንበብ ነው። 2021 ላይ ደግሞ እንዲህ በሏቸው፦ የጥንዱ ሁለቱም አባላት 45 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆኑ ትንሹ ውጤት 45×45 = 2025 ነው፣ 2021ን አልፎ ሄደ። ስለዚህ ጥንድ ካለ አንዱ የግድ ከ45 በታች ነው። እስከ 1010 የምትሄደው ልጅ አልተሳሳተችም፤ ትክክል ሆና ነው የደከመችው። እንዲያውም ከሁሉም የተሻለ አስባለች።

አሁን 2021ን እንሂድበት። ተጋማሽ አይደለም። አሃዞቹ ሲደመሩ 5 ስለሆኑ በ3 አይካፈልም። በ5 1 ይቀራል። በ7 5፣ በ11 8፣ በ13 6፣ በ17 15፣ በ19 7፣ በ23 20፣ በ29ም 20፣ በ31 6፣ በ37 23፣ በ41 12 ይቀራል። በ43 ግን ምንም አይቀርም፦ 43×47 = 2021። እነዚያ 31 ላይ ያቆሙት ጎበዞች ሦስት ማካፈል ሲቀራቸው ነው ከደጃፉ የተመለሱት። 2017 በበኩሉ 14ቱንም አልፎ፣ በመጨረሻው በ43 39 ተርፎት ይወጣል። እሱ እውነተኛ ፕራይም ነው።

7 ላይ የማቆም ልማድ የሚመጣው ከ1 እስከ 100 ካለው ሠንጠረዥ ነው። እዚያ 7 በቂ ነው፤ እስከ 120 ድረስም በቂ ነው፣ የሚቀጥለው ፕራይም 11 ሲሆን 11×11 = 121 ነውና። ልጁ "7 በቂ ነው" የሚለውን ይዞ "ለምን በቂ ሆነ" የሚለውን ሳይሰማ ወደ 7ኛ ክፍል ያልፋል። ይህን ልማድ ለመስበር ከ300 በታች በ2፣ በ3፣ በ5ም በ7ም የማይካፈሉ ግን ፕራይም ያልሆኑ ቁጥሮች 10 ብቻ ናቸው፤ 1ን ሳንቆጥር፦ 121፣ 143፣ 169፣ 187፣ 209፣ 221፣ 247፣ 253፣ 289፣ 299። ፈተና ላይ ከእነዚህ ሦስቱን ያስገቡ፣ ማን የት እንደሚያቆም ወዲያው ይለያሉ።

ደንገል፦

ለሁለተኛው ጥያቄ። አቋራጭ አለ፣ ግን ልጆች በደመር እና በቀንስ መካከል ስለሚምታቱ ከምክንያቱ ጋር ቢሰጥ ይሻላል።

የ7፦ የመጨረሻውን አሃዝ ቆርጦ ማውጣት፣ እጥፍ ማድረግ፣ ከቀረው መቀነስ። 2023ን ብንወስድ 202 − 6 = 196፤ እንደገና 19 − 12 = 7። ይካፈላል (2023 = 7×17×17 ነው)። የ13፦ የመጨረሻውን አሃዝ በ4 አባዝቶ መደመር። 221 ላይ 22 + 4 = 26፣ ይካፈላል። የ17፦ በ5 አባዝቶ መቀነስ። ያው 221 ላይ 22 − 5 = 17፣ በዚህም ይካፈላል፤ 13×17 ነዋ። የ19፦ እጥፉን መደመር። 532 ላይ 53 + 4 = 57፣ 57 ደግሞ 3×19 ነው።

የትኛው ይደመራል የትኛው ይቀነሳል የሚለው በቃል የሚያዝ አይደለም። የቁጥሩን ብዜቶች ዘርዝሮ በ1 ወይም በ9 የሚያልቅ መፈለግ ነው። የ7 ብዜት 21 በ1 ያልቃል፦ ፊቱ ያለውን 2 ይዞ መቀነስ። የ17 ብዜት 51፦ በ5 መቀነስ። በ9 የሚያልቅ ከሆነ ፊቱ ያለው ላይ 1 ጨምሮ መደመር፦ የ13 ብዜት 39፣ 3 እና 1 4፣ ስለዚህ በ4 መደመር። 19 ራሱ በ9 ያልቃል፣ ስለዚህ በ2 መደመር። በዚህ መንገድ የ23ንም ልጆቹ ራሳቸው ይሠሩታል፤ 69 የ23 ብዜት ስለሆነ በ7 አባዝቶ መደመር ነው። ለምን እንደሚሠራ በ7 ላይ፦ ቁጥሩ 10ሀ + ለ ከሆነ፣ ሀ − 2ለን በ10 ብናባዛ 10ሀ − 20ለ ይሆናል፤ ይህም ከዋናው ቁጥር በ21ለ ያነሰ ነው። 21 የ7 ብዜት ስለሆነ አንዱ ሲካፈል ሌላውም ይካፈላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ዘዴ ይካፈላል አይካፈልም ይላል እንጂ ቀሪውን አይናገርም። 2021 በ7፦ 202 − 2 = 200፣ 20 − 0 = 20፣ 20 በ7 6 ይቀራል። እውነተኛው ቀሪ ግን 5 ነው። ቀሪውን ከፈለጉ በሦስት በሦስት አሃዝ መክፈል ነው፤ 1001 = 7×11×13 ስለሆነ የኋላውን ሦስት አሃዝ ይዞ የፊቱን መቀነስ ቀሪውን አይነካም። 7517 ላይ 517 − 7 = 510። 510 በ7 6፣ በ11 4፣ በ13 3 ይቀራል። የ7517ም ቀሪዎች እነዚሁ ናቸው። በአንድ መቀነስ ሦስት ፕራይም ተሞከረ ማለት ነው።

2021ን በተመለከተ ደግሞ ሌላ በር አለ። 45×45 = 2025 ነው ተብሏል። 2025 − 2021 = 4፣ 4 ደግሞ የ2 ስኩዌር ነው። ስለዚህ 2021 = 45² − 2² = (45 − 2)(45 + 2) = 43×47። አንድም ማካፈል የለበትም! 1763ም እንዲሁ 42² − 1 ነውና 41×43፤ 1591 ደግሞ 40² − 9 ነውና 37×43። ይህ የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ብቻ ነው። 2019ን በዚህ መንገድ የጀመረ 338² እስኪደርስ መሞከር አለበት፤ አሃዞቹን ደምሮ በ3 ቢያካፍል ግን 3×673ን በአንድ መስመር ያገኘው ነበር።

ጣናዳር7፦

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ቁጥሩ ከ6 ብዜት በ1 የሚበልጥ ወይም በ1 የሚያንስ ከሆነ ፕራይም ነው። 2017 = 6×336 + 1፣ አለቀ።

ዓባይማዶ፦

ወንድሜ፣ በዚህ ሚዛን 2021ም ፕራይም ሊሆን ነው፦ 6×337 − 1። አሁን 43×47 መሆኑን አየነው። ሕጉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ከ3 የሚበልጥ ፕራይም ሁሉ ከ6 ብዜት አጠገብ ይቆማል፤ ከ6 ብዜት አጠገብ የቆመ ሁሉ ግን ፕራይም አይደለም። 25፣ 35፣ 49፣ 55 ሁሉም እዚያው ናቸው። ያልከው የሚጠቅመው ለማጣራት ነው፤ ለማረጋገጥ አይሆንም።

ሆኖም ይህቺን ነገር መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሊጠቀሙባት ይችላሉ። የኤራቶስቴንስን ወንፊት (ብዜቶችን እየሰረዙ ፕራይሞችን የሚያስቀሩበትን ሠንጠረዥ) ሁሉም መጽሐፍ በ10 ዓምድ ይሠራዋል። በ6 ዓምድ ይሥሩት፦ ከ1 እስከ 120፣ 20 ረድፍ። 2ን እና 3ን ክብ አድርገው፣ ከዚያ የ2፣ የ3፣ የ4 እና የ6 ዓምዶችን ከላይ እስከ ታች በአራት መስመር ይሰርዙ። የቀሩት የመጀመሪያውና የአምስተኛው ዓምድ ናቸው፤ በድምሩ 40 ቁጥር። 1 ይወጣል። የ5 ብዜቶች ወደ ግራ ወደ ታች በሰያፍ ይወርዳሉ፤ በእነዚህ ዓምዶች ከ25 ጀምሮ 7 ናቸው፦ 25፣ 35፣ 55፣ 65፣ 85፣ 95፣ 115። የ7 ብዜቶች ወደ ቀኝ ይወርዳሉ፤ አዲስ የሚሰረዙት 4 ብቻ ናቸው፦ 49፣ 77፣ 91፣ 119። በ11 መጀመር አያስፈልግም፣ 121 ከሰሌዳው ውጭ ነው።

ሒሳቡ 40 − 1 − 7 − 4 = 28፣ 2ና 3 ሲጨመሩ 30 ፕራይም። የልጁ ደብተር ላይ 31 ከሆነ፣ ከመቶ ዘጠናው 91ን ወይም 119ን ስላልሰረዘ ነው፤ 29 ከሆነ ሰያፉን ሲወርድ አንድ ረድፍ ስቶ ጎረቤቱን ሰርዟል። ሠንጠረዡን ሁሉ ማንበብ ሳያስፈልግ በቁጥሩ ብቻ ይታረማል።

መደብ12፦

ስለ ጀልባዎቹ። ማስታወሻው የሳተው ለሁለት ቁጥር የሚሠራውን መንገድ ለሦስት በማዋሉ ነው። ለሁለት ቁጥሮች "አባዝተህ ለትልቁ የጋራ አካፋይ አካፍል" ትክክል ነው፦ 40×60 = 2,400፣ ትልቁ የጋራ አካፋይ (ት.ጋ.አ) 20፣ ትንሹ የጋራ ብዜት (ት.ጋ.ብ) 120። ለሦስት ሲሆን 40×60×90 = 216,000፣ የሦስቱ ት.ጋ.አ 10፣ ተካፍሎ 21,600 ወጣ። ግን 40 እና 60 ለብቻቸው የሚጋሩት 4 አለ፣ 60 እና 90 ለብቻቸው የሚጋሩት 3 አለ፤ የሦስቱ የጋራ አካፋይ እነዚህን አያያቸውም። በሦስቱ ያልተያዘው ትርፍ ሁሉ መልሱ ላይ ተከመረ።

ትክክለኛው ሁለት ሁለቱን ማስኬድ ነው። የ40 እና የ60 120። የ120 እና የ90፦ ት.ጋ.አ 30፣ 10,800 ለ30 = 360። ወይም በፕራይም መዘርዘር፦ 40 = 2³×5፣ 60 = 2²×3×5፣ 90 = 2×3²×5። ከየፕራይሙ ትልቁን ኃይል መውሰድ፦ 2³×3²×5 = 360። እዚህ ላይ ልጆች የሚሠሩት ስህተት ያገኙትን 2 ሁሉ ማባዛት ነው፤ 2ቶቹ ስድስት ይሆኑባቸዋል። 360 ደቂቃ 6 ሰዓት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የተነሱ ቀን 7 ሰዓት ይገናኛሉ።

ማረጋገጫውም ቀላል ነው። መልሱን ለሦስቱም ማካፈል፦ 360 ለ40 = 9፣ ለ60 = 6፣ ለ90 = 4 ዙር። 9፣ 6 እና 4 የሦስቱም የሆነ አካፋይ ከ1 በቀር የላቸውም፤ ስለዚህ ትንሹ ነው። 21,600ን ቢያካፍሉት 540፣ 360፣ 240 ዙር ይወጣል፤ ሦስቱም በ60 ይካፈላሉ። 21,600ን ለ60 ያካፍሉት፣ ራሱ 360 ብሎ ይታረማል።

ይህን ርዕስ ለሚያስተምር ሰው ከጀልባም የተሻለ ምሳሌ በየጣና ገዳሙና በየአብነት ትምህርት ቤቱ አለ፤ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር። ከዐውዶቹ (ተመላላሽ ዙሮቹ) መካከል 4፣ 7፣ 19፣ 28፣ 76፣ 532 አሉ። 4 የወንጌላውያን ዙር ነው፣ 7 የሳምንቱ ቀናት፣ 19 የጨረቃዋ ንዑስ ቀመር። 28 የ4 እና የ7 ት.ጋ.ብ፣ 76 (ማኅተም) የ4 እና የ19፣ 532 (ዐቢይ ቀመር) የሦስቱም። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ት.ጋ.ብ ዝም ብሎ ማባዛት ሆነ፦ 4×7×19። ጨረቃዋ በ19 ፈንታ በ21 ዓመት ብትመለስ ኖሮ 21 እና 28 7ን ስለሚጋሩ ዙሩ በ84 ዓመት ባለቀ ነበር። 532ን ልጆቹ በጥንድ ይዘርዝሩት፦ 1 ከ532፣ 2 ከ266፣ 4 ከ133፣ 7 ከ76፣ 14 ከ38፣ 19 ከ28። ስኩዌር ሩቱ 23.07 ነውና ከ23 ወዲያ የለም። በፕራይም ደግሞ 2²×7×19፤ ኃይሎቹ ላይ አንድ አንድ ጨምሮ ማባዛት (3×2×2) 12 አካፋይ ይላል፣ ስድስት ጥንድ ልክ ነው።

ዘመኑን ማስላት ራሱ የቀሪ ትምህርት ነው። 2017 + 5500 = 7517 ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው)። ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፣ ማቴዎስ ነበር። ለ532 ሲካፈል 14 ዐቢይ ቀመር፣ 69 ይቀራል። 69 ማኅተም አይሞላም። ለ19 ሲካፈል 3 ንዑስ ቀመር፣ 12 ይቀራል፤ መደቡ (የመጨረሻው ቀሪ) 12። አንድ አትቶ (ቀንሶ) ወንበሩ፣ ማስያ ቁጥሩ፣ 11። አበቅቴ (የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚተርፈው የቀን ድምር) 11×11 = 121፣ በ30 ሲገደፍ (30 እየተቀነሰ ቀሪው ሲያዝ) 1። መጥቅዕ (የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ቁጥር) 11×19 = 209፣ በ30 ሲገደፍ 29። ሁለቱ ተደምረው 30። ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት 11 + 19 ራሱ 30 ስለሆነ ነው፦ ወንበሩ ምንም ይሁን 11 ጊዜና 19 ጊዜ ሲደመር 30 ጊዜ ይሆናል። ወንበሩ 0 ሲሆን አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30።

ልጆቹ "በ532 ከቀነስን በኋላ በ19 ማካፈል ለምን ቀሪውን አያበላሽም?" ብለው ከጠየቁ ትምህርቱ ገባቸው ማለት ነው። 19 የ532 አካፋይ ስለሆነ ነው፤ 532ን መቀነስ 19ን 28 ጊዜ መቀነስ ነው። ይህ ሕግ የት እንደሚሰበርም ያሳዩአቸው። 2030ን ይውሰዱ፦ 7530 − 7448 = 82። በ76 ሲገደፍ 6። ለ19 በ82ም በ6ም ብናሰላ ቀሪው 6 ነው፣ ተስማማ። ለ28 ግን 82 ቀሪው 26 ሲሆን 6 ደግሞ 6 ነው። ተጣላ፤ 28 የ76 አካፋይ አይደለምና።

ደንገል፦

መደብ12 ጥሩ አድርገህ አመጣኸው። በነገራችን ላይ 7517ም ራሱ ፕራይም ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 86.7 ስለሆነ እስከ 83 ያሉትን 23 ፕራይሞች ሁሉ ሞክሬ አንዱም አልገባበትም። 2017 በምሕረቱም በዓለሙም ፕራይም ሆነ ማለት ነው። ለማንም ምንም አይጠቅምም፣ ግን ደስ ይላል።

ሽንብጥ06፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሁለት ትንንሽ ነገር ቀረችኝ። 1 ለምን ፕራይም እንዳልሆነ ልጆቹ ሲጠይቁ "ሕጉ እንደዚያ ስለሚል" ከማለት የተሻለ አለ? ደግሞም ልጆቹ ስልክና ካልኩሌተር ይዘው ሲሠሩ ቀሪውን ማውጣት አይችሉም፤ ማሽኑ 54.6216 እያለ ያሳያቸዋል።

ጎርጎራዙር፦

ከካልኩሌተሩ ልጀምር። 2021 ለ37 ሲሆን 54.6216216 ይወጣል። 54ን ይቀንሱ፣ ክፍልፋዩን እዚያው ላይ ሳይጻፍ በ37 ያባዙ። 23 ወይም 22.9999 ይላል፤ 22.9999 ካለ 23 ነው፣ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው። ችግሩ ልጁ 0.62 ብሎ በእጁ ሲጽፍ ነው፤ 0.62×37 = 22.94 ይሆንና 22 ብሎ ይጽፋል። ቢያንስ 4 አሃዝ ይያዝ፤ ከሁሉም የሚሻለው 37×54 = 1998ን ከ2021 መቀነስ ነው።

ካሲዮ ያላቸው ልጆች ካሉ፣ በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ላይ ቁጥሩን ጽፎ እኩል ይሆናልን ከተጫኑ በኋላ ሺፍትንና የዲግሪ-ደቂቃ ቁልፉን መጫን (ከላዩ ፋክት ተብሎ የተጻፈበት) በፕራይም ይዘረዝረዋል። 532 ሲሉት 2²×7×19 ያወጣል። ግን ማሽኑ የሚፈልጋቸው እስከ ሦስት አሃዝ ያላቸውን አካፋዮች ነው። ከዚያ የተረፈውን ቅንፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። 1018081ን ቢሰጡት (1018081) ብሎ ይመልሳል። ልጁ ያንን ፕራይም ነው ብሎ ያነበዋል፤ ቁጥሩ ግን 1009×1009 ነው። ቅንፍ ማለት "አልቻልኩም" ማለት ነው።

1ን በተመለከተ፣ የአካፋይ ዛፍ አሠሯቸው። 12 = 2×2×3፤ ማንም በየትኛውም ቅርንጫፍ ይጀምር፣ 3×4 ይበል 2×6፣ ታች ያሉት ቅጠሎች ያው ናቸው። 1 ፕራይም ቢሆን 1×2×2×3 ሌላ መልስ ይሆናል፣ 1×1×2×2×3ም ሌላ፤ ዛፉም አያልቅም። ከዚህ በላይ ደግሞ ፕራይም ልክ ሁለት አካፋይ አለው፤ 1 ያለው አንድ ብቻ ነው። ይህን ስል አካፋይና ብዜትን የሚያምታቱ ልጆች ካሉ አካፋዩ ያልቃል፣ ብዜቱ አያልቅም በሏቸው፤ የ12 አካፋዮች ስድስት ብቻ ናቸው፣ ብዜቶቹ ግን 12፣ 24፣ 36 እያሉ ይቀጥላሉ።

ጣናዳር7፦

እሺ፣ የ6ቱን ነገር ተቀበልኩ። ግን አንድ ልጨምር፦ በ4ም በ6ም የሚካፈል ቁጥር በ24 ይካፈላል። ይህ ለመሞከር ያፈጥናል።

መደብ12፦

36ን ሞክር።

ጣናዳር7፦

ኧረ! 24 አይገባበትም።

መደብ12፦

4 እና 6 2ን ስለሚጋሩ ነው። ማባዛት የሚቻለው የጋራ አካፋያቸው 1 ብቻ ሲሆን ነው፤ በ3ም በ8ም የሚካፈል በ24 ይካፈላል። በ4ም በ6ም የሚካፈል ስለ 12 ብቻ ነው እርግጠኛ የሚሆነው። የጀልባዎቹ ማስታወሻም በዚሁ ነው የሳተው።

ሽንብጥ06፦

የነገው ወረቀት ላይ ያስገባኋቸው፦ 119፣ 143፣ 187፣ 221፣ 289፣ 307፣ 2011፣ 2017፣ 2021፣ 2023። ከፊታቸው "የመጨረሻ የሞከርከው ፕራይም ስንት ነው?" የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ መልሱ ሳይሆን እሱ ነው የሚታረመው። 307 እና 2011 ፕራይም መሆናቸውን አንድ ሰው ቢያረጋግጥልኝ።

ዓባይማዶ፦

307፦ ስኩዌር ሩቱ 17.5፣ መሞከሪያው እስከ 17። በ7 6፣ በ11 10፣ በ13 8፣ በ17 1 ይቀራል። ፕራይም ነው። 2011፦ እስከ 43። በ7 2፣ በ11 9፣ በ13 9፣ በ17 5፣ በ19 16፣ በ23 10፣ በ29 10፣ በ31 27፣ በ37 13፣ በ41 2፣ በ43 33። እሱም ፕራይም ነው። 323ንም ይጨምሩበት። 17 ላይ ሳይደርስ የሚያቆም ልጅ ካለ በዚህ ይያዛል፤ 17×19 ነው፣ ማካፈል የሰለቸው ደግሞ 18² − 1 መሆኑን ያያል።